እህቴ አፍንጮ በር የተወቻቸው ከረጢቶች

ከጫጫ አዲስ አበባ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጠዋት የተሳፈረ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። እህቴ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ስትኖር አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኳትም። ዛሬ ነገ ስል፣ የሄድኩት አርባዋ ካለፈ በኋላ ሆነ። ከተመለስኩ ወዲህ ቀብሯ ላይ አብራችሁን የቆማችሁ ጎረቤቶች "ምን ይዘህ መጣህ?" ትሉኛላችሁ። አፍንጮ በር የሚባለውን ሰፈር አብዛኞቻችሁ አታውቁትም፣ ወደፊትም ላትሄዱበት ትችላላችሁ። እኔም ልነግራችሁ እጀምርና መሀል ላይ ድምፄ ይቆረጣል። ስለዚህ ቀን በቀን ጻፍኩት።

እህቴ ስሟ እመቤት ነው። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እኔ እታለም ነበር የምላት። ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ታመመች ተብሎ ተደወለልን፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተች ተባለ፤ አስከሬኗ መጣልን፣ እዚሁ ቀበርናት። ከዚህ በላይ ስለ ሞቷ አልጽፍም።

ማክሰኞ

እማዬ ጠዋት በር ላይ ቆማ ትእዛዟን ሰጠችኝ።

"ልብሷን እዚያው ለነዳያን ስጥ። አልጋዋን ለአከራይዋ ተውላቸው፣ ደክመውላታል። የእጇን ሥራ ግን፣ ያንን ትሰፋው የነበረውን ከረጢት፣ አንድም ሳታስቀር ሰብስበህ አምጣልኝ። እጇ የነካውን ነው የምፈልገው።"

"እሺ" አልኩ።

ስለ ከረጢቱ የምናውቀው በስልክ የነገረችንን ብቻ ነበር። ከልብስ የተረፈ ቁርጥራጭ እየሰበሰበች የጨርቅ ከረጢት ትሰፋለች፤ ሰው ዳቦና ሽንኩርት በፌስታል መግዛቱን እንዲተው ለሰፈሩ ትሰጣለች። እማዬ አንድ ጊዜ "ለኛስ አትልኪም?" ብትላት፣ "እናንተ ዘንቢል አላችሁ፣ ምን አጣችሁ?" ብላ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ዘንቢላችን ጓዳ ገብቶ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። እኛም ገበያ የምንወጣው ባዶ እጃችንን ነው፣ የምንመለሰው ፌስታል አንጠልጥለን። የጫጫን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የጣልነውን ሁሉ ለቅሞ አጥራችን ላይ ያሰጣልናል።

እማዬ ለአከራይዋ ለእትዬ ዘውዴ የገብስ ቆሎ ቋጠረችልኝ። በፌስታል ነው፤ እንዳይቀደድ ደግሞ በሌላ ፌስታል ደረበችው። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አለፍን። ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ ሁለቱም አንድ ላይ ተቀደዱ። ቆሎው አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

አንድ ወያላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "አባቴ፣ አስፋልት ላይ አይበቅልም! ደግሞ ቆልተህ ነው እንዴ የምትዘራው!" ብሎ ጮኸ። መናኸሪያው በሙሉ ሳቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ በእጄ ስሰበስብ ዕንባዬ መጣ። ለቆሎው ብዬ አልነበረም።

ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት ተነሥታ መጣች። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታችና መሬት ላይ ዘረጋችው።

"ፌስታሉ ውስጥ የቀረውን እዚህ ገልብጠው። የፈሰሰውን ለወፍ ተወው።"

ጥሩ አድርጋ ቋጠረችልኝ። "ሻሹንስ እንዴት ልመልስልሽ?" ስላት፣ "ሂድ ወዲያ! ሻሽ እቤቴ ሞልቷል" አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። አሁን ይቆጨኛል።

ከመገናኛ ፒያሳ በታክሲ ሄድኩ። ፒያሳን በልጅነቴ ከአባቴ ጋር አንድ ጊዜ አይቻት ነበር፤ የማስታውሰው ጠባብ መንገድና የወርቅ ቤቶችን መስታወት ነው። አሁን ብዙው ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። የእግረኛው መሄጃ ብቻውን የጫጫን ዋና መንገድ ያህላል። ድንጋዩ ታጥቦ ያበራል። እታለም የምታማርረው ፌስታል ታዲያ የት አለ ብዬ አሰብኩ። ሎተሪ የሚሸጥ ሰውዬ መንገድ ጠየቅኩት።

"አፍንጮ በር?" አለ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ። "ጊዮርጊስን እለፍና ጠይቅ። አይዞህ፣ ፒያሳ ፊቷን ታጥባ ጨርሳለች፣ አፍንጫዋ ብቻ ነው የቀራት።"

እትዬ ዘውዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። "ማነህ?" አሉ ከውስጥ። "የእመቤት ወንድም ነኝ" ስላቸው በሩ ተከፈተ። አንገቴን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ድንገት ራሳቸውን ተቆጡ፦ "እንግዳ በር ላይ አቁሜ! ምን ነክቶኛል? ግባ፣ ግባ ልጄ።"

እንቁላል ጠብሰው አበሉኝ። ሻሹን ፈትቼ የቀረውን ቆሎ ሰጠኋቸው። ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። የሆነውን ስነግራቸው፣ ወያላው ያለውንም ስጨምር፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እሷም እንዲህ ነበረች፣ የደረሰባትን ስታወራ ታስቀኛለች" አሉ።

ክፍሏን እንዳለ ቆልፈው ነበር ያቆዩት። ኪራይም አልጠየቁን። እዚያ እተኛለሁ ስላቸው እምቢ አሉ። "ብቻህንማ እዚያ አትተኛም። ሐዘን ብቻህን ካገኘህ አይለቅህም።" ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ ዘረጉልኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ክፍሏን ከፈትን። አንድ አልጋ፣ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ በመስኮቱ በኩል የተሰቀለ የእማዬ ፎቶ። ክፍሉ ከጓዳችን ያንሳል። ስልክ ላይ ስታወራ ሰፊ ቤት ነበር የሚመስለኝ።

የተጠናቀቁ ከረጢቶች አራት ብቻ አገኘሁ።

"ሌላውስ?" አልኩ።

"ሌላውማ ሥራ ላይ ነው" አሉ እትዬ ዘውዴ። ከዚያ በሩ ፊት ያለውን ቦይ አሳዩኝ። "ከሁለት ክረምት በፊት ይሄ በፌስታል ተደፈነና ውኃው እየተንፏቀቀ ክፍሏ ገባ። የደንበኛ ልብስ ሰፍታ ያስቀመጠችው ሁሉ ራሰ። እሷ አልጮኸች፣ ማንንም አልተሳደበች። ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ገባችና እስከ ቀትር ፌስታል ስታወጣ ዋለች። እኛ ቆመን እናያለን። ስትወጣ 'እትዬ፣ ይሄኮ ሁሉ እኛው የገዛነው ዳቦ ነው' አለችኝ። መስፋት የጀመረች በዚያው ሳምንት ነው።"

ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ወሰዱኝ። ጋሽ ከድር ሥልጤ ናቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ጥግ ላይ ነግደዋል። ከሱቁ በር ጎን ረድፍ ሚስማር ተመትቷል፣ በየሚስማሩ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። አንዱ ከሸማ ጥለት፣ አንዱ ከሱሪ ጨርቅ፣ አንዱ ከግማሽ መጋረጃ። አፋቸው ላይ ያለው ቁልፍ የሁሉም ለየቅል ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው አንዱን አውርዶ ዳቦውን ይዞበት ይሄዳል፣ ሲመለስ ይሰቅለዋል።

"መጀመሪያ ሳቅኩባት" አሉ ጋሽ ከድር። "'ልጄ፣ እኔ ፌስታል በነጻ እሰጣለሁ፣ አንቺ ጨርቅ አጥበሽ ልትኖሪ ነው?' አልኳት። አልተከራከረችኝም። አንዱን ከረጢት 'ላውስዎት፣ ነገ ይመልሱልኛል' ብላ ሰጥታኝ ሄደች። በማግስቱ ልመልስ ስል ባዶውን መስጠት አሳፈረኝ፤ ትንሽ ስኳር አደረግኩበት። ይህች ልጅ ሳቀችብኝ! 'አዩ ጋሼ? ፌስታል ቢሆን ጥለውት ነበር። ይሄን ግን ባዶውን መመለስ አፈሩ። ሰው የሚያፍርለትን ዕቃ አይጥልም' አለችኝ። ምን ልበላት? ወላሂ፣ በዚያው ቀን ሚስማር መታሁ።"

"አሁንማ ፌስታል ይቅር የሚል አዋጅም ወጥቷል" አሉ እትዬ ዘውዴ።

"አዋጁ ወጥቷል፣ ፌስታሉ ግን ገና አልሰማም" አሉ ጋሽ ከድር።

ሳቅን። ያን ጊዜ ነው የእማዬን ቃል የነገርኳቸው፤ ሁሉንም ሰብስበህ አምጣ እንዳለችኝ። ጋሽ ከድር እትዬ ዘውዴን አዩ፣ እትዬ ዘውዴ መሬት መሬት አዩ። እኔ ምንም አልገባኝም።

"እናት ካለችማ" አሉ ጋሽ ከድር። ከሚስማሮቹ ላይ አንድ በአንድ አወረዱ። የመጨረሻውን ከረጢት ከመስጠታቸው በፊት ወደ ውስጥ ገቡና ተምር አድርገውበት መጡ።

ከሰዓት በኋላ በየቤቱ የነበረው ይመጣ ጀመር። አንድም ባዶውን የመጣ የለም። አንዷ ስንዴ፣ አንዷ ሽንብራ፣ አንዷ ሱፍ፣ አንዷ ጧፍ አድርጋበታለች። ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አንድ ሎሚ አድርገው "ሌላ አልነበረኝም" አሉኝ። እኔ ግራ ገብቶኝ "ይሄ ምንድነው?" ብል እትዬ ዘውዴ ተቆጡኝ።

"የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? እናትህ አላስተማረችህም?"

አስተምራኛለች። እኛም ጎረቤት ወጥ የላከችበትን ሳህን ባዶውን አንመልስም። ግን ከረጢትም እንደ ሳህን መሆኑን አላሰብኩም ነበር።

ፀጉሩን ያንጨባረረ ወጣት ከላይኛው ግቢ መጣ። በከረጢቱ ውስጥ የሻይ ቅጠል አለ።

"ብሮ፣ ይሄን ይዤ ዳቦ ስገዛ ጀለሶቼ 'አያትህ ላከችህ?' እያሉ ይፎግሩኝ ነበር። አሁን እነሱም ይዘዋል። ፋራነት ፋሽን ሆነ በላት..." አለና ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። "ይቅርታ፣ ብሮ" ብሎ ከረጢቱን እጄ ላይ ጥሎልኝ በፍጥነት ሄደ።

ሠላሳ ያህል ተሰበሰበ። እህሉን በየዓይነቱ በእትዬ ዘውዴ ቁና ውስጥ ገልብጬ ከረጢቶቹን አጣጥፌ ደረደርኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። እማዬ ስታያቸው ይታየኝ ነበር።

ሐሙስ

ለቁርስ ዳቦ ልግዛ ብዬ በማለዳ ወጣሁ። እትዬ ዘውዴ ለወትሮው እንግዳ አይልኩም፣ እኔ ግን ለምኜ ነው።

ሱቁ ጋ ስደርስ ሚስማሮቹ ባዷቸውን ነበሩ። ሰው ተሰልፏል። ጋሽ ከድር ከባንኮኒው ሥር ፌስታል እየሳቡ ዳቦ ያደርጋሉ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ጥቁር። ትናንት ጧፍ የሰጠችኝ ሴት ፌስታል ይዛ አለፈችኝና "እንዴት አደርክ ልጄ?" አለችኝ። ትናንት ስንዴ የሰጠችኝም ይዛለች። ባለ ሎሚው ሽማግሌ ፌስታሉን አልቀበልም ብለው ሁለቱን ዳቦ በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ሄዱ።

ተራዬ ደረሰ። ጋሽ ከድር ዳቦዬን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ዐይኔን አላዩኝም። እኔም ተቀብዬ ሄድኩ። ያ ፌስታል ምንም አይመዝንም፣ እጄ ግን እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ቁርስ አልበላልህ አለኝ። እንዲሁ እግሬ ወደ ጊዮርጊስ ወሰደኝ። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምኩ፤ ቅጥሩ ሥር ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ትሠራበት የነበረውን ስፌት ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ባለቤቱ አቶ ግርማ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ይቆርጡ ነበር። ማንነቴን ስነግራቸው መቀሱን አስቀመጡ።

"ሥራ ስንጨርስ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነበርኩ" አሉ። "እሷ ከመጣች ወዲህ የሚጠረግ ጠፋ። የእጅ መዳፍ የምታክል ጨርቅ አትጥልም። ቁልፍም ትለምነኝ ነበር፣ ባለቤቱ የራሱን ከረጢት በቁልፉ እንዲለየው።" ወደ ጥግ አመለከቱኝ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ተከምሯል። "አሁን መጥረግ አለብኝ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።"

አንድ ካፌ ወስደው ማኪያቶ ጋበዙኝ። ባንኮኒው ላይ ቆመን ጠጣን። የኛ ሰፈር ሻይ ቤት ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ እዚህ ቆሞ ይጠጣል፣ ግን የሚቸኩል የለም። ስንለያይ አቶ ግርማ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ስመለስ እትዬ ዘውዴ ቤት አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ወይዘሮ ጸሐይ ትባላለች፤ የእታለም የግድግዳ ጎረቤት ነበረች። ቤቷ ፈርሶ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። እትዬ ዘውዴ ደውለውላት፣ አንድ አውቶቡስና ሁለት ታክሲ ይዛ ከረጢቷን ልትመልስ መጥታለች። ምስር አድርጋበታለች።

"እናትህ ጠየቁ ሲሉኝ እንዴት ልቀር?" አለች። "ይኸው።"

እጄን ዘረጋሁ። ሰጠችኝ፣ ግን አለቀቀችውም። ሁለታችንም ይዘነው ቆየን።

"አንድ ነገር ልለምንህ?" አለች።

"እሺ።"

"ያንን ቤት ሲያፈርሱ ከዚህ ሰፈር ይዤ የሄድኩት ነገር ብዙ አይደለም። ይሄን ይዤ ሱቅ ስወርድ ግን አፍንጮ በር ያለሁ ይመስለኛል። ለእናትህ ይገባል፣ አልከለክልም። ብቻ ሻይዬን እስክጨርስ ልያዘው።"

ሻይዋን ስትጠጣ አየኋት። ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች። ብርጭቆው ግማሽ ላይ ሲደርስ መጠጣቱን አቆመች። እንዳያልቅባት መሆኑ ገባኝ።

"ይያዙት" አልኳት። "አይመልሱት።"

"እናትህስ?"

ወደ እትዬ ዘውዴ ዞርኩ። "ለምን አልነገሩኝም? ከረጢቶቹን ከወሰድኩ ሰፈሩ ወደ ፌስታል እንደሚመለስ ለምን ዝም አላችሁኝ?"

"ምን እንበል?" አሉ። "ልጇን የቀበረች እናት ከረጢት ጠየቀች። ማን ነው አይሆንም የሚላት? እኛ ፌስታል እንይዛለን። እሷ ምን ትያዝ?"

ዓርብ

እማዬ በጠዋት ደወለች።

"አገኘህ?"

"አግኝቻለሁ።"

"ስንት ሆነ?"

"ሠላሳ ይሆናል፣ እማዬ።"

"ሠላሳ!" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ከአርባው ወዲህ ያልሰማሁት ነገር ነበር። "ሠላሳ ጊዜ ነዋ ለመስፋት የተቀመጠችው። በደንብ አጣጥፈህ ያዝ።"

"እሺ" አልኩና ዘጋሁት። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሰው መዋሸት ሳይናገርም ይችላል፤ ያን ቀን ዋሽቻታለሁ።

ከዚያ እትዬ ዘውዴን "ለየባለቤቱ ልመልሰው ነው" አልኳቸው።

"ወስነሃል?"

"አዎ።"

"ቆይ እንግዲያ። ባዶውን ልትመልስ ነው እንዴ?"

እውነት ነው፣ አላሰብኩበትም ነበር። የሰጡኝን እንዳለ መመለስ ነውር ነው። ሌላ ልግዛ ብል ደግሞ እትዬ ዘውዴ አልሰሙኝም። የመጣውን እህል ሁሉ አውጥተው ለቀሙት፤ ስንዴውን፣ ሽንብራውን፣ ሱፉን። ጋሽ ከድር ሲሰሙ ኑግና ገብስ ላኩ። የከሰል ምድጃ ተያያዘ፣ ሁለት ጎረቤቶች መጡና ቆሎ ይቆሉ ጀመር። እኔ ማገዝ ፈልጌ ማማሰያውን ስቀበል አሳረርኩት።

"ይሄ የጫጫ ነው" አለች አንዷ፣ "እዚያ ብርድ ስለሆነ ሳያርር አይበስልም መሰለኝ።"

"ተዪው፣ አስፋልት ላይ የሚዘራ ልጅ ነው" አሉ እትዬ ዘውዴ። ሁለቱም ሳቁ፤ ወሬው ቀድሞኝ ዞሯል ማለት ነው።

የጾም ቀን ስለሆነ ምሳችን ወይዘሮ ጸሐይ ከረጢቷን ይዛ ስትሄድ የተወችልን ምስር ነበር። ቆሎው ሲቀዘቅዝ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቀልነው። የማን ስንዴ፣ የማን ሽንብራ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ተምሩን ስንቆላ በላነው፤ ሎሚው፣ ጧፉና የሻይ ቅጠሉ ቀረ። ጧፉን ጊዮርጊስ ወስጄ አበራሁት፤ የእታለምንም ልብስ እዚያው ለነዳያን ሰጠሁ። ሎሚውን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም፤ እትዬ ዘውዴ በሻይ ቅጠሉ ሻይ አፍልተው፣ ውስጡ ጨምቀው ለሁላችንም አጠጡን።

ቅዳሜ

በማለዳ እኔና እትዬ ዘውዴ በየበሩ ዞርን። እሳቸው ቁልፉን እያዩ "ይሄ የነእገሌ ነው" ይሉኛል፣ እኔ አንኳኳለሁ። ምን እንደምል አጥንቼ ነበር፣ ግን የመጀመሪያው በር ላይ ጠፋብኝ። "እህቴ የላከችው ነው" ብዬ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ያንኑ አልኩ። ባለ ሎሚው ሽማግሌ ከቆሎው አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ አደረጉ፣ ረጅም ጊዜ አላመጡት፣ "ነፍስ ይማር" አሉ። ያ ወጣት ከረጢቱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ "ብሮ፣ የእኔ ቁልፍ ዘጭ ብሏል፣ አንተ መስፋት ትችላለህ?" አለኝ። እንደማልችል ነገርኩት። "እንግዲያ እኔ እማራለሁ" አለ። አቶ ግርማ ጋ ሄዶ ያንን ቁርጥራጭ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ይሂድ አይሂድ አላውቅም።

ክፍሏ ውስጥ የነበሩትን አራቱን አዲስ ከረጢቶችም፣ የሱቁንም፣ ጋሽ ከድር ጋ ወስጄ እየሰቀልኩ ነበር። እጄን ያዙኝ።

"አንዱን ተው።" ሰማያዊ ቁልፍ ያለበትን መርጠው በተምር ሞሉት። "ይሄ ለእናትህ ነው።"

"አይ፣ ጋሽ ከድር፣ ለሰፈሩ ይቅር..."

"መች ሰጠኋት? አውሼያት ነው። እዚህ ሰፈር ሁሉም በውሰት ነው የሚይዘው። እሷም እንደ ሰፈሩ ሰው ትያዝ፣ ስትጨርስ ትመልስ። ንገራት።"

እትዬ ዘውዴ እስከ ታክሲው ሸኙኝ። ዳቦ ከሱቅ ይዞ የሚመለስ ሰው በከረጢት ይዞ አለፈን፤ አንዲት ሴት ግን ፌስታል ይዛ ነበር፣ አይታን ከኋላዋ ደበቀችው። እትዬ ዘውዴ እንዳላዩ ሆኑ።

መንገዱን አላስታውሰውም። ጫጫ ስወርድ ነፋሱ ነበር የተቀበለኝ።

እማዬ ምንጣፍ አንጥፋ ጠብቃኛለች፤ ከረጢቶቹን ልትደረድርበት። አንዱን ብቻ ከእጄ ስታይ "ሌላው ከበስተኋላ ይመጣል?" አለች። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ቦዩን፣ ሚስማሩን፣ ወይዘሮ ጸሐይን፣ ሐሙስ ጠዋት ያየሁትን። ነግሬያት ስጨርስ ምንጣፉን አጥፋ አነሣችው። "አደራ ብዬህ ነበር" እንኳ አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ አላናገረችኝም። ሰኞም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ተምሩን ሳህን ላይ ገልብጣ ተወችው፣ አንዱንም አልቀመሰችም። ከረጢቱን ግን ስታገላብጠው አየኋት፤ ስፌቱን በጣቷ ትከተላለች፣ ወደ ውስጥ ገልብጣ ታየዋለች፣ መልሳ ትገለብጠዋለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ይሄ ውሰት ነው አሉ ያልከኝ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እንግዲያ አንተ አትወስደውም፤ እኔው ነኝ የምመልሰው።" ከረጢቱን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች። "ዳቦ የሚገዙት ጠዋት ነው?"

"በማለዳ ነው። ይሰለፋሉ።"

"ሁሉም ይዘው ያልፋሉ?"

"አብዛኞቹ።"

"አንድ በአንድ ልያቸው" አለች። "ማንንም አላናግርም፣ አልነካባቸውም። ሲያልፉ ብቻ ልይ።" ከዚያ ወደ መንገዱ እያየች ጠየቀችኝ፦ "ሱቁ ደጅ መቀመጫ አለ?"